ሳይባረክ የማይቀመስ ቂንጬ

ዛሬ ለማርያም ጠበል ጻዲቅ ቂንጬ ሳማስል የቅቤው ሽታ ወንድሜን አመጣብኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር፣ እናቴ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለምእመኑ ቁርስ ስትሠራ እኔ ልጅ ሁኜ እረዳት ነበር። ወንድሜ የውትድርና አፈሳ ሽሽት ጣናን ሊሻገር ሲል መጣ።

«እማዬ፣ ታንኳው ቆሞልኛል። አንድ ጭልፋ ስጪኝና ልሂድ» አላት።

«ቄሱ ሳይባርኩ አይቀመስም! ቅዳሴው ሊያልቅ ነው፤ ጠብቅ።»

ጭልፋው በእጄ ነበር። አልሰጠሁትም።

ጠበቀ። ቅዳሴው ሳያልቅ ወታደሮች ደርሰው በባዶ ሆዱ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ቄሱ ወጥተው ድስቱን ባረኩ፤ እናቴም እያለቀሰች ለሰው ሁሉ አቀረበች።

እኔ ዛሬ የመጀመሪያውን ጭልፋ ሳይባረክ ለቸኮለ ሰው እሰጣለሁ። ቄሱ ይቆጡኛል። ሲቆጡ ይዋሉ።