የፈትሂያ ጾም

ፈትሂያ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ ደሴ፣ ሆጤ፣ እኔው ቤት አደገች። አሁን ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ጠዋት በሚኒባስ ትወርዳለች፣ ወደ ማታ ትመለሳለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረች። ደስ አለኝ። ቆይታ ማክሰኞንም ጨመረች፤ ኋላማ ከጁምዓ በቀር የማትጾመው ቀን ጠፋ። ማፍጠሪያ ላይ አንድ ቴምርና ሁለት ጉንጭ ሾርባ ቀምሳ ትነሳለች።

«ጀነት እንደሆነ አይሞላብሽ፣ ምን ያጣድፍሻል?» ይላታል አጎቷ ተውፊቅ።

«የኔን ሳምቡሳ ጨርሰህ ነው የምትመክረኝ?» ትለዋለች።

እኔ ለጎረቤቴ ለራሂማ አወራሁ፤ ራሂማ ለሰፈሩ አወራች። ሴቶቹ «ማሻ አላህ፣ ልጅ እንዲህ ይታነጻል!» ሲሉኝ አንገቴን ደፋ አድርጌ እሰማለሁ፤ ልቤ ግን በኩራት ያብጥ ነበር። የቀሚሷ ወገብ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ መያዟን አይቻለሁ። ከበላች በኋላ ጓሮ ዞራ ስታስመልስም ሰምቻለሁ። «ጨጓራ ነው» አለችኝ። ጨጓራ የሌለበት ማን አለ ብዬ ተውኩት። ክሊኒክም የሰጧት የጨጓራ መድኃኒት ነው።

አምና ሚያዝያ ላይ ከስፌት መኪናዋ ፊት ወደቀች። ደሴ ሆስፒታል ስትደርስ ሆዷ ተነፍቶ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ሕመሙ መቼ ነው የሚብስብሽ?»

«ስበላ።»

«መቼ ይተውሻል?»

አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ስጾም።»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ።

«እማማ» አለኝ ሐኪሙ፣ «ትንሹ አንጀቷ ተቆጥቶ ቆስሏል። ቁስሉ በጠባሳ እየተኮማተረ አንጀቱን አጥብቦታል፤ ምግብ ማለፊያ አጥቷል። እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው። ቀደም ብላ ብትመጣ በመድኃኒት እንሞክረው ነበር፤ አሁን ግን የጠበበውን ቆርጠን ማውጣት አለብን። እንዲህ ስትከሳ አላዩም?»

«አይቻለሁ» አልኩት።

ከኦፕራሲዮኑ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ሊመለስባት ይችላል ተብሏል። መድኃኒቷ በሰዓት፣ ምግቧ ለስላሳ፣ ትንሽ በትንሽ፤ ጾም ክልክል። እኔ ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፤ የሐኪሙን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ አነብላታለሁ።

ዘንድሮ ረመዳን ገባ። አንድ ቀን ቀትር ላይ አጥሚት እየጠጣች ሳለ ራሂማ ገባች። ፈትሂያ ኩባያውን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«አውጪና ጠጪ» አልኳት። ወደ ራሂማ ዞርኩ። «ያን ጊዜ ያወራሁልሽ ጾም ሕመም ነበር። ስትበላ ስለሚያማት ነው የጾመችው። እኔ ደግሞ ስሜን አስጠራሁበት።»

ራሂማ ወደ ፈትሂያ ዞረች። «አፉ በይኝ፣ ልጄ» አለቻት።

«እኔንም አፉ በይኝ» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ፣ እማ?» አለች ፈትሂያ። ኩባያውን አነሳች። «ሁሉም እኮ ሕመም አልነበረም። አንዳንዱን ቀን ለአላህ ብዬ ነው የጾምኩት።»

የትኛውን ቀን እንደሆነ ልጠይቃት አፌ ላይ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬያት አንድ ገበታ ላይ ተቀምጬ ምንም አልጠየቅኳትም፤ አሁን ይህን ልጠይቅ? ተውኩት። አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።