በጾም የወፈረው ወንድሜ

ካዛንቺስ፣ ጠዋት

ከካዛንቺስ የተነሳነው የታላቅ ወንድሜን የግርማን የስኳር ምርመራ ውጤት ለመስማት ነው። ስኳር የአባታችንን አንድ እግር ካስቆረጠ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለዚያ የሚያወራ የለም። ግርማ ግን ዐቢይ ጾም ስለገባ ልቡ ሞልቷል። «ሥጋና ቅቤ ትቼ ምን ሊያገኘኝ?» እያለ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ቁልቁል ይመራኛል። ጾሙ ከገባ ወዲህ ቀበቶውን ማላላቱን ያየሁት እኔ ነኝ።

ባምቢስ

ክሊኒኩ ከሱቆቹ ግርግር ገባ ብሎ ነው። ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን አይታ «ስኳር ገና አልያዘዎትም፤ በር ላይ ግን ቆሟል። ምን ይመገባሉ?» አለችው።

«ጾመኛ ነኝ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ፓስታ በእንጀራ፣ ማታ ሩዝ። ማለቴ፣ በቃ ሁሉም የጾም ነው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። ነጭ ዳቦና ነጭ ሩዝ ቶሎ ስኳር ይሆናሉ፣ ቶሎም ያስርባሉ፤ የተረፈው ቦርጭ ይሆናል፤ ዓመታት ሲያልፉ ልብን፣ ዓይንንና እግርን ይጎዳል። ምስር፣ ባቄላና ጎመን፣ በልኩ ከሆነ የጤፍ እንጀራም፣ ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ሳያስርቡ ያቆያሉ።

«ጾሙን አይተዉ፤ ሳህኑን ይለውጡ» አለችው። አነጋገሯን ወደድኩት።

ወሎ ሰፈር፣ ምሳ

በመስቀል ፍላወር በኩል፣ የኬክ ቤቶቹን መስኮት ላለማየት አንገታችንን አቀርቅረን፣ አክስታችን እትዬ አስካለ ቤት ደረስን። የአባታችን እህት ናቸው። ትሪው መሀል ሩዝ ተቆልሏል፤ ምስርና ጎመኑ ዳር ላይ ነው። እትዬ ሩዙን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ ግርማ እጃቸውን ዘረጉ። የእሳቸውን ጉርሻ የመለሰ ሰው አላውቅም፤ ፈራሁ።

ግርማ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። «እትዬ፣ ከምስሩ ያጉርሱኝ።»

«የኔ ሩዝ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፤ ዛሬ ያየችኝ ሐኪም ነጭ ሩዝ ቶሎ ስኳር ይሆናል ብላኝ ነው። የአባቴ እግር ትዝ አለኝ።»

እትዬ ሩዙን መልሰው አስቀምጠው ምስርና ጎመን ጠቀለሉለት። አጎረሱትና «አንድ ያጣላል!» ብለው ደገሙት። በግርማ እንዴት እንደኮራሁ! ሁላችንም አፍነን የኖርነውን ነገር ጉርሻ ፊት ላይ አወጣው።

ካዛንቺስ፣ ማምሻ

የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል እንዳልሆነ፣ አክስትን ሳያስቀይሙም ሳህን መለወጥ እንደሚቻል ተምሬ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ የግርማ ስልክ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«ግርማዬ፣ ያቺ ሐኪም እኔንም ታየኛለች?»

«ነገ መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ እትዬ።»