የጋሽ ኤርጎ አንድ ቃል

ጋሽ ኤርጎ በሐመር ወረዳ ዲመካ ችሎት ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት ቆመው ኖረዋል። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ አስተርጓሚ ከተቀመጠ ቃል ይረሳል ብለው ስለሚያምኑ ነው። የዳኛውን አማርኛ ወደ ሐመርኛ፣ የባለጉዳዩን ሐመርኛ ወደ አማርኛ ሲያቀብሉ ኖረው ጡረታ ወጡና ጂንካ ገቡ። መቆሙ ግን አብሯቸው ገባ። ባለቤታቸው እትዬ አለምነሽ «እንግዳ ሲመጣ ቁጭ በል ብዬ የምለምነው እንግዳውን ሳይሆን እሱን ነው» ይላሉ።

በ2011 ዓ.ም. እኔ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ እጽፍ ነበር። የምጽፈው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ ጣቢያው እሱን አይቶ ከወደደው ቀሪው ይሠራል፣ ካልወደደው እዚያው ይቀራል። ታሪኩ በአንድ በሬ የተካሰሱ የሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ሐመርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ነው። የችሎቱን አስተርጓሚ ስጽፍ በዓይኔ የነበሩት ጋሽ ኤርጎ ስለሆኑ እሳቸው ራሳቸው እንዲጫወቱት ጠየቅኳቸው። ጥያቄውን ሳልጨርስ እሺ አሉ። በሳምንቱ ካኮ ገበያ ሳይቀር ወሬው ደርሶ ነበር። ሰማያዊ ኮትም አሰፉ።

ቀረጻው አምስት ቀን ሲቀረው አዘጋጇ ፀደይ ከሐዋሳ መጣች። የችሎቱን ትዕይንት ጮክ ብላ እያነበበች በስልኳ ሰዓት ያዘች።

«ስድስት ደቂቃ» አለች። «ሦስት ተኩል ነው ያለን። ለምን ረዘመ?»

«ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚነገር ነው፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በሐመርኛ።»

«እንግዲያው አስተርጓሚው ይውጣ። ሽማግሌው በአማርኛ ይመልስ።»

ሰው ፊት መከራከር አልችልበትም። እሺ አልኩና ወጣሁ። ሁለት ሌሊት ከዳኛውም ከሽማግሌውም እየቆረጥኩ ሌላ መንገድ ፈለግሁ፤ የቆረጥኩት ሁሉ ትዕይንቱን አደረቀው እንጂ አላሳጠረውም። በሦስተኛው ቀን ነገሩን ለራሳቸው ለጋሽ ኤርጎ ልነግራቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እትዬ አለምነሽ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልኝ። አንዱን ልጬ ሳልጎርሰው ብዙ ቆየሁ።

«ጋሼ፣ ትዕይንቱ ረዝሟል ተባለ።»

«በስንት?»

«በሁለት ደቂቃ ተኩል።»

«የኔ ንግግርስ ስንት ነው?»

«ሁለት ደቂቃ ተኩል።»

ቀድመው የሳቁት እትዬ አለምነሽ ናቸው። «ኮቱን ለቀብር ታደርገዋለህ» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው።

«ለማን ቀብር?»

«አይጠፋም።»

ጋሽ ኤርጎ አልሳቁም። «እስቲ አንብብልኝ» አሉና እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ቆሙ። አነበብኩላቸው። መሃል ላይ አስቆሙኝ።

«ይሄ ሽማግሌ ከብቱን የት ነው የሚሸጠው?»

«ዲመካ ገበያ።»

«ከጂንካ ለሚመጣው ነጋዴ። በምን ቋንቋ?»

«በአማርኛ መሰለኝ።»

«እኮ። አማርኛ ይሰማል። ችሎት ሲቀርብ ግን አልሰማም ይላል። እኔ እስክተረጉምለት መልሱን ያስባላ። አንድ ቀን ዳኛው በፍየል ነገር ቀለደ። ገና አፌን ሳልከፍት አንድ እንዲህ ያለ ሽማግሌ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው አየኝ፣ ሽማግሌውም አየኝ።»

«እርስዎስ?»

«ጣሪያውን አየሁ።»

ጎደሬውን አሁን ጎረስኩት።

«የአንተ ሽማግሌ በበሬው ተናዷል አይደል?» አሉ። «የተናደደ ሰው ማሰቢያ ጊዜ አይፈልግም። ዳኛው ይጠይቅ፤ እኔ ልተረጉም አፌን ልክፈት፤ እሱ ቀድሞኝ በአማርኛ ይመልስ። እንዲህ ከሆነ ማን ሁለቴ ተናገረ?»

«ማንም። ግን ጋሼ፣ እርስዎ የሚናገሩት ምንም አይኖርም።»

ኮቱን አዩት። «እቆማለሁ» አሉ። «መቆም ከኔ በላይ ማን ይችላል?»

ያንኑ ማታ እንደገና ጻፍኩት። ፀደይ በማግስቱ አንብባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቀች። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። «ይሞከርና ልየው፤ ካልሆነ ሰውዬው ይወጣል» አለች።

ልምምዱ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ዳኛው የሒሳብ መምህሩ ታምራት፣ ሽማግሌው ማር ነጋዴው ቦሼ ናቸው። ጋሽ ኤርጎ ኮታቸውን ለብሰው በመሃል ቆሙ።

«በሬው ያንተ ለመሆኑ ምን ምልክት አለህ?» አለ ታምራት።

ጋሽ ኤርጎ አፋቸውን ከፈቱ። ቦሼ በተሰባበረ የገበያ አማርኛ ቀደማቸው። «አንተ ዳኛ፣ ጆሮው አታይም? እኔ ቆረጠው።»

ጋሽ ኤርጎ አፋቸውን ዘጉ። ሌላ ጥያቄ፤ ከፈቱ፤ ተቀደሙ፤ ዘጉ። በአራተኛው ላይ ታምራት የራሱ ቃል ጠፋው። ወረቀቱን ለማየት አፍሮ፣ በጭንቀት ወደ ጋሽ ኤርጎ ዞረና ስክሪፕቱ ውስጥ የሌለ ነገር ተናገረ።

«ተርጉምለት እንጂ።»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ ኤርጎ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ጣሪያውን አዩ።

«ሰምቷል።»

መብራት የሚሸከሙት ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ። ፀደይ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስዳ «ተርጉምለት እንጂ»ን እና «ሰምቷል»ን ራሷ ጻፈቻቸው፤ ከፊተኛው ገጽ ላይም «ለቀረጻ» ብላ ፈረመች።

ማታ እትዬ አለምነሽ ሁሉን ሰምተው ባላቸውን አዩአቸው። «ሃያ አምስት ዓመት ለፍልፈህ አንዲት ቃል ቀረችህ።»

«እሷም ብትሆን» አሉ ጋሽ ኤርጎ እንደቆሙ፣ «ሁለቴ አልተነገረችም።»