በእህቷ ጭነት ልክ

ትልቋ የታናሽ እህቷን መኪና ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለች በድምጿ ትለያታለች። ሌላው ሰው የናፍጣ ሞተር ነው ብሎ ያልፋል፤ እሷ ግን ጉብታው ላይ ማርሽ የሚቀየርበትን ቅጽበት ሳይቀር ታውቃለች። ያን ጊዜ እጇ ላይ ያለው ዕቃ፣ ድስትም ይሁን መጥረጊያ፣ ይከብዳታል።

እህቷ የምትመጣው እሑድ ረፋድ ላይ ነው። አባታቸው ከዚያ በፊት ተላጭተው፣ ጥቁሩን ጃኬት ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ጡሩምባው ሳይነፋ ይነሡና የግቢውን በር ራሳቸው ይከፍታሉ። ለትልቋ ከፍተውላት አያውቁም። እርግጥ ነው፣ እሷ የምትኖረው ከእሳቸው ጋር ነው፤ በሩን በየማለዳው የምትከፍተውም የምትዘጋውም ራሷ ናት። ይህን ታውቃለች። ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማትም።

ሥራዋ እንቁላል ማከፋፈል ነው። ሰፈሩ «ባለእንቁላሏ» ይላታል። ጠዋት አባቷን ከፊት ወንበር አስቀምጣ ጡረታ የወጡ ሾፌሮች ዳማ ወደሚጫወቱበት የድሮ መኪና ማቆሚያ ታደርሳቸዋለች፤ ከዚያ ከከተማ ወጥታ በድንጋያማው መንገድ ወደ ዶሮ እርባታዎቹ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ለዳቦ ቤቶችና ለሆቴሎች ታድላለች። መኪናዋ በአራቱም ጎማዎቿ የምትጎትት አሮጌ የገጠር መኪና ናት። የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው ወለሉ ላይ አሮጌ የፍራሽ ስፖንጅ ተነጥፏል፤ የእንቁላል ካርቶኖቹ በእሱ ላይ ይደረደራሉ። እንቁላል የጫነ ሰው መንገድ ሲያይ ሌላ ነው፤ ጉድጓዱን ከሩቅ ያነባል፣ ፍሬን የሚይዘው በጣቱ ጫፍ ነው። አባቷ ዘመናቸውን ሁሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ሆነው እንኳ እሷ ስትነዳ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ይህ ከሾፌር ለሾፌር ትልቅ ሙገሳ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ እሷም «ከእኔ ጋር ሲሆን ያንቀላፋል» ብላ ነው የምትቆጥረው።

ከታናሽየዋ ጋር አያንቀላፉም። ታናሽየዋ አስጎብኚ ናት። የእሷም መኪና ከትልቋ ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ ግን ከፍ ተደርጋለች፤ ጎማዋ ወፍራም ነው፤ ጣራዋ ላይ ድንኳን ታጥፎ ተቀምጧል። አባታቸው እጀታውን ይዘው እያቃሰቱ ይወጡና ወንበሩ ላይ ሲደላደሉ አገጫቸው ቀና ይላል። «ይኸው! አሁን መንገድ አየሁ» ይላሉ። ትልቋ ይህን ዓረፍተ ነገር በየሳምንቱ ከኩሽናው መስኮት ትሰማዋለች።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ አባትየው የድሮውን የተራራ መንገድ አነሡ። አዲሱ አስፋልት ከተሠራ ወዲህ ማንም አይሄድበትም። ከጫፉ ላይ ሾፌሮች የጋለ ሞተር የሚያበርዱበት ምንጭ አለ።

«ዝናቡ ሳይገባ አንዴ ባየው ደስ ይለኛል» አሉ። ከዚያ ወደ ታናሽየዋ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ።»

ትልቋ ውኃ እየቀዳች ነበር። «እኔስ አባዬ?»

«ያንቺማ ሆዷ መሬት ይልሳል። ገና ከመጀመሪያው ድንጋይ ተጋድማ ትቀራለች።»

ታናሽየዋ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አፏ ውስጥ ምግብ ስለነበረ በእጇ ሸፍና ነው የሳቀችው። ትልቋ ግን ያን ሳቅ ስታመላልሰው ሰነበተች። ያን ተራራ አባቷን ይዛ የምትወጣው እሷ መሆን አለባት፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ሰፈሩ ባለሞላው የሚለው መካኒክ የሚሠራው ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ነው። ሞተር አይነካም፤ መኪናን ከሥር የሚሸከሙትንና ንዝረት የሚያበርዱትን ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር ብቻ። ብዙ ያወራል፤ ሲያወራ ደግሞ ጎማውን በእግሩ እየመታ ነው።

«ከፍ ላስደርጋት ነው» አለችው።

«ምን ያህል?»

«ምን ያህል ይቻላል?»

«ኧረ ቆይ እህቴ፣ ሱሪ እኮ አይደለም የምናሳጥረው።» ከሞላዎቹ ክምር አጠገብ ቆመ። «ከሞላው ሥር መደገፊያ መክተት ይቻላል፤ እሱ ለታይታ ነው። ይሄኛው ረዘም ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ሁለት ጣት ያነሣታል፤ ድንጋዩን ታልፊዋለሽ፣ የሚሳፈረውም ሰው አይማረርም። ይሄ ቀዩ ደግሞ አራት ጣት ነው። ግን እሱ ጭነት ይፈልጋል። ካልተጫነበት አይተኛልሽም፤ እንደ እልኸኛ በቅሎ ያነጥርሻል። በየቀኑ ምንድን ነው የምትጭኚው?»

ቀዩን ታውቀዋለች። ከእህቷ ጎማ ጀርባ ጎንበስ ብላ ያየችው ቀለም ነው። እንቁላልና አባቴን ብትለው ለስላሳውን እንደሚሰጣት ገባት።

«ጣራዬ ላይ ድንኳን አለ» አለች። «ከኋላ የውኃ በርሜል። የነዳጅ ጀሪካኖች፣ ትርፍ ጎማዎች። ከፊት ደግሞ የብረት መከላከያ አስገጥማለሁ።»

«አሁን ታዲያ የት አለ?»

«ቤት አራግፌው ነው የመጣሁት።»

ባለሞላው ቀዩን ሞላ በሁለት እጁ አቀፈው። ትልቁን የሚጠይቅ ደንበኛ በየቀኑ አይመጣለትም። «እንዲህ ከሆነማ ቀዩ ነው» አለ፤ የኋላውን በር ከፍቶ ለማየት እንኳ አልሞከረም።

በማግስቱ ስትረከባት የጋራዡ አጥር አናቱ ታያት። መንገድ ላይ ታክሲዎቹን ቁልቁል አየቻቸው። የሱቁ ሴትዮ ከመስኮቷ ብቅ ብላ፣ «ውይ! ሰማይ ቤት ልትሄጂ ነው እንዴ? ሰላም በይልን!» አለቻት። አባቷ ወጥተው መኪናዋን ዞሯት፣ ጎማውን በምርኩዛቸው መቱት።

«ይቺማ መኪና ሆነች» አሉ።

ያን ቀን ኩሽና ውስጥ ስታንጎራጉር ዋለች። እህቷ በደወለች ጊዜ ስለ መኪናዋ ምንም አልነገረቻትም፤ እሑድ በዓይኗ እንድታየው ፈለገች።

ረቡዕ ጠዋት አባቷ በሩን ከፍተው ምርኩዛቸውን አቀበሏት። እግራቸውን አነሡ፤ ከፍታው ላይ አልደረሰም። ደግመው አነሡ። የለስላሳ መጠጥ ሳጥን አምጥታ ከእግራቸው ሥር አደረገችላቸው፤ ከኋላ ደገፈቻቸው። ሲቀመጡ ግንባራቸውን አልቧቸው ነበር። እሑድ እሑድ እንዲህ ያለ ትግል ጨዋታ ነው፤ እህቷም አባታቸውም ይስቁበታል። ረቡዕ ግን ወደ ሥራ የሚቸኮልበት ቀን ነው፤ ሐሙስም እንደዚያው። መንገዱ ላይ ባዶዋ መኪና በየጉድጓዱ ዘለለች። አባቷ አላንቀላፉም። አንድ እጃቸው እጀታው ላይ፣ ሌላው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ይህን የፈለገችው ነው፤ ነቅተው መንገዱን እያዩ ነበር። ፊታቸውን ግን ዞር ብላ ማየት አልደፈረችም።

ከእርባታዎቹ ስትመለስ የታችኞቹ ካርቶኖች አስኳል ጠጥተው ነበር። የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ክዳኑን ከፍቶ አየ።

«ዛሬስ መትተሽ አመጣሽልኝ? እኔኮ ራሴ እመታው ነበር፤ ምን አደከመሽ?»

«መንገዱ ነው።»

«መንገዱማ ትናንትም ነበረ።»

ስፖንጁን ደረበች፤ ጎማውን ትንሽ አስተነፈሰች፤ ቀስ ብላ ነዳች። መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ትወዛወዛለች፣ መሪው ይዋልላል። ትንሽ ከጫኑባት ትለምዳለች ብላ ድንጋይ ልትጭን ሁሉ አስባ ነበር፤ ቀዩን ለመመለስ ግን አላሰበችም።

ከዚያ አንድ ጠዋት አባቷን ግቢው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«አንቺ ሂጂ። እኔ በታክሲ ነኝ።»

«የምን ታክሲ?»

ትንሿ ታክሲ ደርሳ ቆመች። ሾፌሩ ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ እሳቸውም ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ዝቅ ብለው ገቡ።

«ታናሽሽ ናት የላከችልኝ» አሉ በመስኮቱ። «ትናንት ስታወራኝ ጉልበቴን እንዳመመኝ ነግሬያት ነው። በየቀኑ ይመጣል።»

ታክሲዋ ሄደች። ባለእንቁላሏ ከከፍታዋ መኪና አጠገብ ቆማ ቀረች። እሑድ የእህቷ ነበር፤ ተራራውም የእህቷ ሊሆን ነው፤ አሁን ደግሞ ጠዋቱንም ወሰደችው። ጠዋት የእሷ መሆኑን ልብ ያለችው ገና አሁን ነው። ሌላ ሰው ከሚወስድብኝ ጉልበቱ ይመመው የሚል ሐሳብ ሽው አለባት፤ ደንግጣ ሞተሩን አስነሣች።

ወደ እርባታዎቹ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ባለሞላው ነዳች።

«አውጣልኝ» አለችው።

በዚህ ጊዜ የኋላውን በር ከፈተ። ስፖንጁን አየ፣ የደረቀውን አስኳል በጣቱ ፋቀው።

«ድንኳኑስ?»

«የለም።»

«በርሜሉስ? ጎማዎቹስ?»

«የለም አልኩህ።»

«ታዲያ የማንን ዕቃ ነው የቆጠርሽልኝ?»

«የእህቴን።»

ባለሞላው ሊስቅ ከጅሎ ፊቷን አይቶ ተወው። «እኔም ቆጠራሽን አምኜ ሠራሁ» አለ፤ አንገቱን አከከ። «ይሄን በር ከፍቼ ባይ ኖሮ በአፍንጫዬ እንኳ አውቀው ነበር። በይ፣ ነገ በየቀኑ የምትጭኚውን ጭነሽ ነይ። አንድም ሳይጎድል። ለስላሳውን አስገብቼ ከነጭነቱ ነው የምለካው።»

ማታ እራት ላይ ነገሩን እንዴት እንደምትጀምረው አጣች። በመጨረሻ ሳህኑን እያነሣች፣ «አባዬ፣ ነገ ታክሲው ይቅርና ከእኔ ጋር ጋራዥ ትሄዳለህ?» አለች።

«እኔ ጋራዥ ምን እሠራለሁ?»

«ትቀመጣለህ። ባለሞላው በየቀኑ የምጭነውን አምጪ ብሎኛል።»

«ጭነት ሆንኩልሽ?»

«በየቀኑ የምጭነው አንተን ነው፤ ምን ላድርግ?»

አባትየው ጥርሳቸውን በስንጥር መጎርጎር ጀመሩ። ጠዋት ስትነሣ ተላጭተው፣ ጥቁሩን ጃኬት ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እሑድ አልነበረም።

ባለሞላው ለስላሳዎቹን ሞላዎች አስገብቶ መኪናዋን ከክሪኩ አወረዳት። በእርባታዎቹ በኩል ዞረው የጫኑት እንቁላል ከኋላ ተደርድሯል፤ አባትየው ያለ ሳጥን፣ ያለ ድጋፍ ከፊት ገቡ። ባለሞላው ተንበርክኮ በጎማውና ከበላዩ ባለው ቆርቆሮ መካከል ያለውን ክፍተት በጣቱ ለካ።

«ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ።»

«መተንፈስ ይፈቀዳል?»

«በቀስታ።»

ትልቋ የኮፈኑን ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር። ያን ጊዜ ጉብታው ላይ የሚቀየረውን ማርሽ ሰማችው። የእህቷ መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«አባዬ! ባለታክሲው ቤት የሉም ብሎ ደወለልኝ እኮ፤ የሱቁ ሴትዮ ናት ጋራዥ ናቸው ያለችኝ» አለች ታናሽየዋ ከላይ ሆና። «ና፣ እኔ ላድርስህ።»

«አልችልም» አሉ አባትየው ቀጥ እንዳሉ። «እየተለካሁ ነው።»

ታናሽየዋ ወረደች። መኪናዋን ዞረቻት፣ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። «እትዬ፣ ከፍ አስደረግሻት? ለኔ ሳትነግሪኝ?»

«ሁለት ጣት ብቻ ነው።»

«ተራራውን ትወጣለች» አለ ባለሞላው እጁን እያራገፈ። «ድንጋዩን ታልፋለች፤ እንቁላሉም አይሰበር፣ ጋሼም አይነቃነቁ።»

«ሰማሽ?» አሉ አባትየው ለታናሽየዋ። «ወደ ምንጩ በዚች ነው የምሄደው። አንቺ ከኋላ ተከተይን፤ ውኃውንና ትርፍ ጎማውን ያንቺ ትያዝ። ለጭነት ያንቺ ናት የምትሻለው።»

ታናሽየዋ አፏን በእጇ አልሸፈነችም፤ ምክንያቱም አልሳቀችም። ድንኳኗን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ቁልፏን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረችው። ትልቋ ያን ፊት ታውቀዋለች፤ በየሳምንቱ በኩሽናው መስኮት መስተዋት ላይ የራሷ ሆኖ ታየዋለች። ደስ አላት። ደስታዋ ትንሽ ቢያሳፍራትም አላስቀየማትም።

«በርግጥ» አሉ አባትየው ከአፍታ በኋላ፣ በፊት መስተዋቱ አሻግረው እያዩ፣ «የመጨረሻዋን ዳገት በታናሽሽ መኪና ብወጣ ጥሩ ነው። እዚያ ጋ ገደሉ ከላይ ሲታይ ነው የሚያምረው።»

ታናሽየዋ ፈገግ አለች። ትልቋ ኮፈኑን ለቀቀችው። ወደ ባለሞላው ጠጋ ብላ፣ አባቷ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ጣት አይጨመርም?»

«አይጨመርም» አለ ባለሞላው፣ ክሪኩን እየጎተተ።