በባትሪ የሚዞረው መፍቻዬ

መኪና ሥር ተኝቼ እየሠራሁ አንድ ሰው እግሬን ተራምዶ አለፈ። ይቅርታ እንኳ አላለም። ተንሸራትቼ ወጥቼ ሳይ ሜትር ዘርግቶ ግቢዬን ይለካል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«አባባ፣ ወንበሮቹ እዚህ ይሆናሉ። ማቀዝቀዣው እዚያ ጥግ። ይቺን መኪና ግን ያስነሷታል አይደል?»

ጭማቂ ነጋዴ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ የሚጠላ የለም፤ እኔም እጠጣለሁ። የቆመበት መሬት ግን ጋራዥ ነው። ከደሴ የሚመጣውም ከአዲስ አበባ የሚወርደውም ሾፌር መኪናው ሲያስቸግረው «ሽማግሌው ጋ ውሰደው» የሚባለው እዚህ ነው። ደግሞ አባባ ብሎኛል። ጋሼ መባል እንኳ የጀመርኩት ትናንት ነው የሚመስለኝ።

«ማን ግባ አለህ?»

«እማማ ናቸው። ወሩ ሲያልቅ ትረከባለህ ብለውኛል።»

እማማ የሚላት ባለቤቴን ነው። መፍቻዬን ወርውሬ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ቤታችን ገባሁ።

«ግቢዬን ለጭማቂ ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩም፣ አከራየሁት» አለች። ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም። «አንተ ሰውዬ፣ ትናንት እንግዳ ፊት በግራ እጅህ ጎረስክ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቀኝህ እንጀራ መቁረስ ካቃተው ነገ ደግሞ ልብስህን እኔ ልቆልፍልህ ነው?»

«የእጄን አንጓ ትንሽ ነው የነካኝ።»

«ትንሽ? ጤና ጣቢያ ሄደህ አሳርፈው አላሉህም? መቼ አሳረፍከው?»

የበለጠ ጮህኩ። እሷ ቢላዋዋን አስቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እጅህን የሚያሳርፍ ነገር ካለ አምጣና አሳየኝ» አለች። «ከሌለ ሰውዬው ይገባል። እኔ እጅ የሌለው ባል አልፈልግም።»

እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ይህ ይታወቅልኝ። በጎረምሳነቴ ሮቢ ወንዝ ዳር ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና ነበር። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ጥሎት ሄደ። ያንን ሞተር ብቻዬን ፈታሁት፤ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ተራ ጆንያ ላይ ደረደርኩ፤ መልሼም ገጠምኩት። ተነሣ። የዚያን ቀን ድምፁን የሰሙ ገበሬዎች ማሳቸውን ትተው መጡ። ከዚያ ወዲህ የሞተርን ሕመም ለመናገር ኮፈን መክፈት አያስፈልገኝም፤ ከመንገድ ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ። በይፋት ቆላ እኔን የሚያህል መካኒክ አለ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ይህ ሁሉ እውቀት ያለበት ግቢ ነው እንግዲህ የማንጎ ልጣጭ መጣያ ሊሆን የነበረው።

እጄን የጎዳው ምን እንደሆነም ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሰዎች የሚመስላቸው የጠበቀ ብሎን ለማላቀቅ ያለው ትግል ነው። አይደለም። ለዚያ መፍቻው ጫፍ ላይ ቧንቧ እሰካና በትከሻዬ፣ ባስ ሲልም በእግሬ እገፋለሁ። አንጓን የሚገድለው ብሎኑ ከላላ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ራቼት የምንለው መፍቻ ከብሎኑ ሳይነቀል ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይፈታል። ሰፊ ቦታ ላይ ደስ ይላል። ሞተር ጀርባ ግን የጣት ያህል ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ስትል ትውልና አንዱ ረጅም ብሎን ሳይወጣ እጅህ ይደነዝዛል። ይህንኑ ሥራ በባትሪ የሚሠራ ራቼት እንዳለ ሾፌሮች በስልካቸው አሳይተውኝ ነበር። ያኔ የሰነፍ ዕቃ ነው ብዬ ስቄባቸዋለሁ። አሁን ልገዛው ቆረጥኩ።

መሞከሪያው ሥራ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። የጀውሃ ሰው የሆነ የዕድሜ እኩያዬ፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚነዳ ወዳጄ፣ ሞተሪኖው አልሠራ ብሎት መኪናውን በተሳፋሪ እያስገፋ ነበር የሚያስነሳው።

«ወላሂ፣ ከሚሳፈረው የሚገፋው በዝቷል» አለኝ። «ትናንት አንዷ፣ ከገፋሁ ለምን እከፍላለሁ ብላ ሳትከፍል ወረደች።»

ሞተር የሚያስነሳው ያ ሞተሪኖ የታሰረበት የላይኛው ብሎን ራስ ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። ከግቢዬ አጥር የደረቀ የማሽላ አገዳ ሰበርኩ፤ ብሎኑ ራስና ሻንሲው መካከል አስገብቼ ልክ ክፍተቱን እንዲያህል ቆረጥኩት። ሜትር እዚያ አይገባም፤ ቢገባም አይነበብም። አገዳዬን ደረት ኪሴ ከትቼ ወዳጄን አስከትዬ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ።

ባለሱቁ ፈገግተኛ ነው። ፈገግታ አልወድም፤ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሲስቅ የሆነ ነገር አለ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ይሄ ነው» ብሎ መድፍ የመሰለ ነገር አወጣ። «ይሄ እየመታ ነው የሚፈታው። የጎማ ዳዶ ይበጥሳል።»

«ጎማ ልፈታ መጣሁ አልኩህ? ራቼት ነው ያልኩህ።»

ደጃፉ ላይ የቆሙት ሁሉ ገቡበት። «ጎማ ላይ ይሞከር!» ይላል አንዱ። «የጭነት መኪናውን ጎማ ካልፈታ ምኑን ዕቃ ሆነ!» ይላል ሌላው። የከተማችን በሽታ ይህ ነው። ጠዋት ማታ ከባድ መኪና ስለሚያልፍብን፣ ለመርፌ ሥራ የተሠራውን ዕቃ እንኳ በጎማ ዳዶ ነው የምንመዝነው። በዚህ ጠባያችን ስንቱ ሰው የማያስፈልገውን ገዝቶ ቤቱ አስቀምጧል! ያን መድፍ ወስደው ሱቁ ፊት የቆመ መኪና ጎማ ላይ ደገኑት። ዳዶው እየጮኸ ወጣ፤ አጨበጨቡ። ደሜ ፈላ።

«ጨርሳችኋል?» አልኩ። «አሁን ራቼት አምጣ።»

ባለሱቁ ሁለት ራቼት አወጣ። አንዱ ራሱ ወፍራም፣ አንገቱ አጭር፣ ጉልበቱ የበረታ ነው። ሌላው አንገቱ ረጅም፣ ራሱ ትንሽ፣ ድምፁም ለስላሳ። ሰዉ በአንድ አፍ ወፍራሙን ውሰድ አለኝ። እኔ አገዳዬን ከኪሴ አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሊያኝኩት ነው?» አለ ባለሱቁ።

አገዳውን ከወፍራሙ ራስ አጠገብ አቆምኩት፤ ራሱ ከአገዳው በለጠ። ከቀጭኑ አጠገብ አቆምኩት፤ አገዳው በለጠ።

«ቀጭኑን ጠቅልል።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጉልበት የለውም። የጠበቀ ብሎን አያላቅቅም።»

«ማላቀቅ የእኔ ሥራ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «እኔ በቧንቧ አላላለሁ፣ እሱ ያወጣዋል። ሲገጠምም እሱ ያስገባዋል፣ መጨረሻውን የማጠብቀው እኔ ነኝ። በዚህ መድፍህ ጥርሱ የተበላ ብሎን ተሸክሞ ስንት ሾፌር እኔ ጋ እንደሚመጣ ታውቃለህ?»

ወዳጄ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ ቀስ በል፤ ገዢው አንተ ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም።»

ጋራዥ ስንደርስ ጭማቂ ነጋዴው ችካል ይዞ መጥቶ ጠበቀኝ። አንዱን በር ላይ ቸክሎታል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማለች። ቅጥቅጡ ሥር ገባሁ፤ ቧንቧ ሰክቼ ብሎኖቹን በግራ ትከሻዬ አላላሁ፤ ከዚያ ቀጭኑን ራቼት አስገባሁ። ልክ እንደ አገዳዬ ገባ። ስጫነው ዝም ብሎ ዞረ፤ የላይኛው ብሎን መዳፌ ላይ ወደቀ። አንጓዬ ምንም አላወቀም። ሁለተኛውን ጀመርኩ፤ መሐል ላይ ዕቃው ቆመ። ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። እንደገና ተጫንኩት። ምንም።

«ይኸው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የጭማቂ ነጋዴው ነው። «አባባ፣ የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው። ይተዉት፣ ይረፉ።»

ወጥቼ ልይዘው ነበር፤ ወዳጄ መሐል ገባ። «ወፍራሙን ውሰድ ብለንህ ነበር» አለኝ ደግሞ፤ ወዳጅ የሚባል። ባለቤቴ ከበረንዳው ወርዳ መጣች። ፊቷ ላይ ደስታ አላየሁም፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ። ዕቃውን ተቀበለችኝ፤ ባትሪው ሲነካት እጇን ቶሎ አነሣች።

«እሳት ነው!» አለች።

ገባኝ። ከሱቅ እስከ ጋራዥ በተሳፈርንበት ባጃጅ የፊት መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አስቀምጬው ነበር የመጣሁት፤ ጋራዡ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ እኩለ ቀን ነው። ዕቃው አልደከመም፤ ግሎ ራሱን አጠፋ። ሮቢት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የማይቆም ምን አለ? ሰውም ይቆማል።

እኛ ቆላ ውስጥ ውሃ ለማቀዝቀዝ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር እናስቀምጣለን። የእኛ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። ባትሪውን ነቀልኩ፤ ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ደጋግሜ ጠቀለልኩ፤ እርጥቡ ጆንያ ውስጥ ከጀሪካኑ ጎን ከተትኩት።

«አሁንስ አበደ» አለ ወዳጄ። «ባትሪ ውሃ ሊያጠጣው ነው።»

እነሱ ሲስቁ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት መኪናቸውን ሳስነሳላቸው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አላመኑኝም። ባትሪው እንደ ጀሪካኑ ሆድ ቀዝቀዝ ሲል ወስጄ ሰካሁት። ቀይዋ መብራት የለችም። ቅጥቅጡ ሥር ተመለስኩና ብሎኑን አወጣሁት፤ ሞተሪኖውን አውርጄ ውስጡን ጠገንኩ፤ መልሼ ሰቀልኩ፤ ብሎኖቹን በባትሪው ራቼት አስገብቼ መጨረሻውን በእጄ አጠበቅኩ።

«ውጣና አስነሣው!» አልኩት ወዳጄን።

ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ። «ያ አላህ! አንድም የሚገፋ የለም!» እያለ ጡሩንባውን ይነፋ ጀመር።

ወደ በሩ ሄድኩ፤ ችካሉን ወዝውዤ ነቀልኩና ለነጋዴው ሰጠሁት። እሱ ግን ወደ ባለቤቴ ነው ያየው። እሷ ደግሞ እጄን ትመለከት ነበር። እንድታይ ጣቶቼን ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ።

«ሌላ ቦታ ፈልግ፣ ልጄ» አለችው። «ቃሌን ስላጠፍኩ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

እኔ አልጠየቅኩም። አሁን የነጋዴው ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። ጭማቂው ደህና ነው፤ አባባ ማለቱን ግን አልተወም። በችካሉ ጉድጓድ እግሬ በተደናቀፈ ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ፤ አልደፈንኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ኒሙ ሥር ውሃ ልጠጣ ብሄድ፣ እርጥቡ ጆንያ ውስጥ በንጹሕ ፌስታል የተጠቀለለ ባትሪ ከጀሪካኑ ጎን ተኝቷል። እኔ አላስቀመጥኩትም። ከዚያ ወዲህም በየጠዋቱ እዚያው ነው የማገኘው።

አንጓዬ ለመሻል ጊዜ ፈጀ። አንድ ቀን ምሳ ላይ በቀኜ ቆረስኩ፤ ደህና አድርጌ ጠቀለልኩና ባለቤቴን አጎረስኳት። አላምጣ እስክትውጥ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሣችም።

«እጅህ ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አለችኝ።

«ይበል» አልኳትና ሁለተኛውን ቆረስኩ።