ፍሪጅ ውስጥ የተገኘው ማረሻ

ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ካለው የሬዲዮና የሞባይል ጥገና ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት መጀመሪያ የተማርሁት መበየጃ በየት በኩል እንደማይያዝ ነው። የጋለውን ጫፍ እንደ እስክሪብቶ ጨብጬ ጮኽሁ። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሙላት ከሚፈቱት ሬዲዮ ቀና ሳይሉ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ።

ሬዲዮና ቻርጀር መጠገኑን ለመድሁት። ልቤ የሸፈተው ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትቶልኝ በሄደው ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ የክብሪት ቤት የምታህል፣ የጻፉላትን ትእዛዝ የምትፈጽም ትንሽ ኮምፒውተር። ጋሽ ሙላት የእግሮቿን ብዛት አይተው ጉንዳን አሏት።

«ይህቺ ጉንዳን ምን ትሠራለች?»

«ያዘዟትን፣ ጋሼ።»

«አንተንስ ሱቁን ጥረግ ብዬ አዝዤህ አልነበር?»

የመጀመሪያ ሥራዬ ለተሰጣ እህል የሚሆን የዝናብ ማንቂያ ነበር። ጠብታ ሲነካው ይጮኻል። ፍየል ስትልሰውም ይጮኻል። ጎረቤቶቻችን ለፍየል ምላስ ብለው ሁለት ጊዜ እህል ካነሡ በኋላ መሣሪያውን ከነሽቦው ደጃፋችን ላይ ጥለውልን ሄዱ።

የሺ የመጣችው በዚያ ክረምት ነው። ከዓረብ አገር ተመልሳ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ ዙሪያ ጥምጥም የማታውቅ ልጅ ናት። «እንቁላል የሚታቀፍ ማሽን ትሠራልኛለህ?» አለችኝ። «ደላላው ተመለሺ እያለ በየቀኑ ይደውላል። ይህ ካልሆነልኝ እሄዳለሁ።»

ከዚያ በፊት ማንም ሰው ተስፋውን በጉንዳኔ ላይ ጥሎ አያውቅም። ፈራሁ፤ ግን እሺ አልሁ።

ከተበላሸ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሥር አምፖሎች፣ ከላይ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ማራገቢያ፣ መሃል ላይ የሙቀት መለኪያ ገጠምሁ። ሙቀቱ ከሠላሳ ሰባት ተኩል ሲወርድ ጉንዳኗ አምፖሎቹን ታበራለች፤ ሲያልፍ ታጠፋለች። ሲያወሩት ያምራል። የሺ ቤት ግን የጉና ተራራ ብርድ አለ። ማብሪያው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አምፖሎቹ ይበራሉ ይጠፋሉ፣ ሙቀቱ ይዘላል ይወርዳል። እንቁላሎቹ ደግሞ ገብተዋል። ፕሮግራሙን ደጋግሜ ጻፍሁት።

አንድ ጠዋት ብሄድ ሙቀቱ ረግቷል፤ ፍንክች አይልም። ለጋሽ ሙላትም፣ ላመላለሰኝ የባጃጅ ሾፌርም ስለ ፕሮግራሜ ጉራዬን ነዛሁ።

በማግስቱ ለእርጥበት የሚቀመጠውን ውሃ ልጨምር ፍሪጁን ስከፍት፣ ከእንቁላሎቹ ሥር፣ ከአምፖሎቹ አጠገብ አንድ ማረሻ ተጋድሟል። የየሺ እናት እማማ ዘነቡ ከኋላዬ ቆመዋል።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ብረት ነዋ! ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያገማው። ዶሮ ስትታቀፍም እናደርጋለን።»

«ይህ እኮ ኤሌክትሮኒክስ ነው።»

«ነጎድጓዱ ይህን ያውቃል?»

በአክብሮት አወጣሁት። ጥቂት ቆይቶ ቀጭ ቀጩ ጀመረ። እማማ ዘነቡ ማረሻውን አንሥተው መለሱት። ብዙም ሳይቆይ ሙቀቱ ረጋ።

ጋሽ ሙላት ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ብረቱ ሙቀት ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ድንጋይ ብታስገባም ያው ነው» አሉኝ። ለእማማ ዘነቡ ይህንኑ ባስረዳቸው፣ «ድንጋይ ነጎድጓድ ሲመልስ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ከዚያ የሺ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንቁላሉ ከገማ ልጄ ትሄድብኛለች» አሉ። አንጀቴን በሉት። ስለ ማረሻው ዳግም አልተከራከርሁም።

ለቡሄ ሰሞን ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ። ፍሪጁ ፊት ተኮልኩለን ስናይ የየሺ ስልክ ጠራ። ደላላው ነው። የሺ አነሣችውና ስልኩን ፍሪጁ ውስጥ አስገባችው። «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል ሰውየው፤ ጫጩቶቹ ይመልሱለታል። እማማ ዘነቡ ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሽቦ የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልሁ።

ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ፤ ከሐሙሲት ድረስ እየመጡ ያሠሩኛል። ለጀማሪዎች የምለው አጭር ነው። ማስፈልፈያ ስትሠሩ ከአምፖሎቹ አጠገብ ለማረሻ የሚበቃ ቦታ ተዉ። ባትተዉም እናቶች ያስገቡታል፤ ያን ጊዜ ሽቦአችሁን ይበጥሰዋል።