ኩላሊት የለብኝም

ስደተኛ በሌሊት ነው የሚወጣው ይባላል። እኔ ግን ሰው እንዳይጠረጥረኝ ከሰቆጣ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ከሰው ጋር እየተጋፋሁ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር ስላለብኝ ኢንሱሊኔን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያዝሁ። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም፤ ካለቀሰች ይታወቅብናል።

በረሃው ላይ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች፣ ገንዘብ ያጣ ስደተኛ ኩላሊቱ ይወሰድበታል ይሉ ነበር። በዓይኔ አላየሁም። ቢሆንም እስከ ጀርመን ድረስ በጀርባዬ ነው የተኛሁት።

እዚህ ጨርቅ ማርጠብ ቀረ፤ ደጁ ራሱ ፍሪጅ ነው። ጥቁር ዳቦአቸው ይኮመጥጣል፤ የማሽላ እንጀራችንን ዓይነት መኮምጠጥ ግን አይደለም።

ሐኪሙ ስኳሬን ለክቶ ሲያበቃ የሽንት ብልቃጥ ሰጠኝ። ጠረጠርሁ። በስልክ የምታስተረጉምልን ልጅ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት።

«ኩላሊትህን ሊያየው ይፈልጋል» አለችኝ።

«ምን ሊያደርግለት?»

«ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱ በየጊዜው መታየት አለበት ይላል።»

«እህቴ፣ ስኳር እንጂ ኩላሊት የለብኝም በዪልኝ።»

እኛ አገር ወገቡን የማያመው ሰው እንዲህ ነው የሚለው። እሷ ቃል በቃል ተረጎመችው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ማን ወሰደብህ? ይላል።»

«ምኑን?»

«ኩላሊትህን ነዋ! ሸሚዝህን ግለጥ ይላል።»

ግራ ቀኝ ጎኔን በጣቱ ዳበሰኝ። ለካ የስፌት ጠባሳ እየፈለገ ነው፤ እኔ የሚቀድበትን ቦታ የሚመርጥ መሰለኝ። ሸሚዜን ሳልቆልፍ ወጣሁ።

ሦስት ወር ሙሉ ዝር አላልሁም። በኋላ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ሲለኝ ተመለስሁ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየኝ፤ ሽንቴንም መረመረ።

«ሁለቱም አሉህ» አለች ልጅቱ። «ግን ተጎድተዋል፤ ፕሮቲን ያፈሳሉ።»

«ምንም አያመኝም እኮ።»

«እስኪያምህ ከጠበቅህ ይረፍዳል ይላል። የግፊት መድኃኒት ይሰጥሃል።»

«ግፊት የለብኝም።»

«ኩላሊት የለህ፣ ግፊት የለህ፤ ምን አለህ አንተ?» ብላ ሳቀች። መድኃኒቱ ኩላሊትንም እንደሚጠብቅ ነገረችኝ። አላመንኋትም። የእሽጉን ወረቀት በመዝገበ ቃላት ሁለት ቀን አነበብሁት፤ ከዚያ ዋጥሁ።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኋት።

«በየቀኑ ነው የምትውጠው?»

«በየቀኑ።»

«እስከ መቼ ልጄ?»

«ሁልጊዜ ነው እማ።»

«ሰቆጣስ ይገኛል?»

«እንጃ። ስሙን ልንገርሽና መድኃኒት ቤት ጠይቂልኝ።»

«አልጠይቅም» አለችኝ። «የለም ቢሉኝስ?»